ቤታችን እንደገና የሞቀበት ሳምንት

ውዴ ደሳለኝ፣ ደሴዬ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የምትልክበት መንገድ የለህም፤ ስለዚህ እኔው ያለንበትን ልንገርህ። እሑድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። አባትህ ምሳ በልተው ጋደም ብለዋል። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። በካዚሊና መንገድ የሚመላለሰው ትንሹ ባቡር እየተንኳኳ ያልፋል።

ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ወረቀት እንዳነሳሁ አልነግርህም። ሁለት መስመር ሳልሞላ እንባዬ እየቀደመኝ እተወዋለሁ። አሁን ግን ወሬ አለኝ። ቤታችን ቀዝቅዞ ነበር፤ ሞቀ። እንዴት እንደቀዘቀዘና እንዴት እንደሞቀ ካንተ የተሻለ የሚገባው ሰው ስለማላውቅ ላንተው ልጻፈው አልኩ።

ሰፈሩን የተውከው ዓይነት ነው። ቶር ፒኛታራ መቼም አትለወጥም። ከታች የነበሩት ጣሊያናዊ ጫማ ሰፊ ጡረታ ወጥተው በቦታቸው ቤንጋሊዎች አትክልት ቤት ከፍተዋል፤ ጎመኑ ጥሩ ነው። ሊፍቱ ዛሬም እንደልማዱ ሲያሻው ይቆማል። እኔም ያቺኑ ሥራዬን ይዣለሁ፤ ጠዋት እየተነሳሁ ሳን ጆቫኒ ያሉትን አሮጊት አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። አንተን ይጠይቁኝ ነበር። ሁለቴ ነገርኳቸው፤ ሁለቴ ረሱት። ሦስተኛ ጊዜ «ባልሽ ደህና ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» አልኳቸው። አትቀየመኝ። ለአንድ ጠዋት ያህል እኔም ላምነው ፈልጌ ነው።

የአባባን ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርህ። እናትህ ካረፉ በኋላ ከድሬዳዋ ያመጣሃቸው ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ታውቃለህ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው፣ እዚህ መጥተው መጀመሪያ ያዩት ይህንኑ የካዚሊናውን ባቡር ነበር። መንገድ ዳር ቆመው በድምፁ ብቻ «የኋላው ጎማ ተበልቷል» ብለው ሲፈርዱ ሳቅህ ሊገድልህ ነበር። እራት ላይ ስለ ሞተር ስትከራከሩ እኔ እንቅልፌ መጥቶ ጥያችሁ እተኛ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ቀረ። በቀብርህ ቀን እንኳ አላለቀሱም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ቁጭ እንዳሉ ክረምቱ አለፈ።

በመሃላችን የነበረው ጨዋታ «ይብሉ እንጂ አባባ»፣ «ጠግቤያለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነበር። እኔ «ልጄን በደንብ አላስታመመችልኝም» ብለው የታዘቡኝ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ የሚያስቡት ሌላ ኖሯል። በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እኔን ወደ ድሬዳዋ ስደጂኝ። እዚያ የእህቴ ልጆች አሉ። አንቺ ገና ነሽ፤ የሞተ ባልሽን አባት ስትጦሪ አትኑሪ» አሉኝ። «ገና ይለፍና እንነጋገርበታለን» አልኳቸው። እውነቱን ልንገርህ ደሴዬ፣ ደነገጥኩ፤ ደግሞም በልቤ ጥግ ቅልል ያለኝ ነገር ነበር። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር አንገትህን፣ ጆሮህን፣ ስትቀመጥ ጉልበትህን የምትይዝበትን ሁሉ ስለማይ ነው። ይኸን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እንዲህ ሆነን ነው ብርዱ የመጣብን።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ቤቱ እንደ ጉድጓድ ሲቀዘቅዝ፣ ካልዳያዋን አበራኋት። መቼም ያቺን የወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ነጭ ሣጥን፣ የቧንቧውንም ውሃ በየክፍሉ ያሉትንም ራዲያተሮች የምታሞቀውን፣ ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ የምታውቃት። አንተ እያለህ በየዓመቱ ቱታህን ለብሰህ፣ ከክፍል ክፍል እየዞርክ ራዲያተሮቹን ስትነካካ ግማሽ ቀን ትፈጃለህ። እኔ ቁልፏን ወደ ክረምቱ ምልክት አዞርኩ። ተንጎራጎረች፣ እሳቷ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ቀይ መብራት መጣ። የቧንቧውም ውሃ ቀዘቀዘ። አጠፋኋት፣ አበራኋት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል ቁልፏን ለቀቅኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ጥር ትዝ ብሎኝ ነው። ታስታውሳለህ አይደል? ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋህ ተነስተህ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘህ ወጥ ቤት መጣህ። «አስቴርዬ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ። የዚችን የካልዳያ ነገር» አልከኝ። ድስት እያጠብኩ ነበር። ለምን ልታሳየኝ እንደፈለግህ ወዲያው ገባኝ። ካሳየኸኝና ከተማርኩ፣ እሺ ሂድ እንዳልኩህ ሆኖ ተሰማኝ። «አንተ እያለህ እኔ ምን አገባኝ» አልኩህና ውሃውን ይበልጥ ከፈትኩት፤ ድምፅህን እንዳልሰማ። ትንሽ በሩ ላይ ቆምክ። ፈገግ ብለህ፣ «እሺ፣ ሌላ ቀን» አልክ። ሌላ ቀን አልመጣም። ደሴዬ፣ ይህን ነገር ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ አላወጣሁትም። ልታስተምረኝ መጥተህ በውሃ ድምፅ መለስኩህ። ይቅር በለኝ። ፈሪ ሆኜ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም።

ለማንኛውም ካልዳያ የሚጠግን ቴክኒኮ ጠራሁ። ስልኩን ያገኘሁት ሊፍቱ ውስጥ ከተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። ሰውዬው መጥቶ ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት አንድ ጊዜ አበራት፣ አንድ ጊዜ አጠፋት፣ ተነፈሰ። «አሎራ ሲኞራ፣ ይህቺ አርጅታለች። አብቅቶላታል። ሙሉዋን ትቀየር» አለ። የአዲሷን ዋጋ ወረቀት ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኔም አመንኩት። በዚያን ሰሞን ማንም አብቅቷል ቢለኝ አምን ነበር።

ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከቁም ሳጥን አናት አወረድኩ። ግን እሷን ሰክቼ ምድጃውን ካበራሁ የቤቱ መብራት ሁሉ ድርግም ይላል፤ ቆጣሪው ድረስ ደረጃ ወርጄ አንስቼው እመለሳለሁ። ስለዚህ ወይ በልተን ይበርደናል፣ ወይ ሞቆን እንራባለን። አባባ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን እንደለበሱ መዋል ጀመሩ። ውሃ በድስት እያሞቅኩ ነው ፊታቸውን የሚታጠቡት። በአራተኛው ቀን ማሳል ጀመሩ። ያንን ሳል፣ ደሴዬ፣ ከዚያ ኮሪደር ስሰማው የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። ያንተ ሳል ነው የመሰለኝ።

የዚያኑ ዕለት እራት ላይ፣ አባባ ጭራሽ ባልጠበቅኩት ሰዓት ተናገሩ።

«ያ ሰውዬ ጆሮ አልሰጣትም» አሉ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ማሽን ሲታመም ይናገራል። እሱ ዓይኑን ነው የላከላት፣ ጆሮውን አይደለም። ከሥሯ ያለችውን የግፊት መለኪያ ጌጅ እንኳ አላየም።» ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው ከካልዳያዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «እኔ የፈረንጁን ጽሑፍ አላነብም። አንቺ ማሽን አታውቂም። አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልስማ።»

ከመሳቢያ ውስጥ የካልዳያዋን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጌ አገኘሁ። እየተንተባተብኩ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ጋዙን አንነካም። እሱ የባለሙያ ነው። የእኛ ነገር ከውሃው ጋር ብቻ ነው» አሉ። ቀጥሎ መርፌዋ የት ላይ እንዳለች ጠየቁኝ። ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብላለች አልኳቸው። መጽሐፉ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ትሁን ይላል። ይሄኔ ከዘጠኝ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ሕይወት አየሁ። «አላረጀችም!» አሉ። «ውሃ ጠምቷት ነው። ግፊት ስታጣ እሳቷን ራሷ ትዘጋለች። ብልህ ናት። እንዲያ ባታደርግ ተቃጥላ ነበር።»

ከሥሯ ትንሽ ጥቁር ቁልፍ አለች። ስንት ዓመት ጠርጌያታለሁ፣ ምን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። አባባ «በቀስታ፣ በቀስታ» እያሉኝ ከፈትኳት። ውሃው ሽሽ እያለ ሲገባ መርፌዋ ተነሳች። አንድን አለፈች። አንድ ተኩል ላይ ዘጋሁ። ቀዩን የማስነሻ ቁልፍ ተጫንኩ። እፍ አለች፣ ያዘች፣ ሰማያዊው እሳት በትንሿ መስኮት ታየ። ደሴዬ፣ እልል ልል ነበር፤ አባባን አፍሬ ዋጥኩት።

የወጥ ቤቱና የሳሎኑ ራዲያተር ሞቀ። የመኝታ ቤታችን ግን እግሩ ሞቆ አናቱ በረዶ ነው። አየር ይዟል አሉኝ። አየሩ የሚለቀቅባት ትንሽ ቁልፍ በመሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፤ ሣጥኑ ያለው ደግሞ የቆለፍኳት ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው። «አላውቅም፣ የለችም» አልኳቸው። አባባ አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ከወጥ ቤት ፒንሳ ይዘው መጡ። እሳቸው አቅም ስለሌላቸው እኔ ተንበርክኬ የአየር መልቀቂያውን ብሎን አላላሁት። አየሩ ፉጨቱን ለቀቀ። ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ ስሰማ ድንገት ጥቁር ውሃ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ቀሚሴ፣ ግድግዳው፣ የአባባ ካፖርት ሳይቀር። ተያየን። ከዚያ አባባ ሳቁ። ያ የትከሻ ሳቃቸው፣ ድምፅ የሌለው። እኔም ሳቅኩ። በዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ ከተሳቀ ቆይቷል።

ብርድ ልብሱን ጣል ጣል አድርገን በደስታ ተኛን። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ቀዝቅዟል። መርፌዋ እታች ወርዳለች።

ሞላኋት። በማግስቱም ወረደች። እንደገና ሞላኋት። በሦስተኛው ቀን አባባ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ውሃ አይሞትም። የሄደበት ቦታ አለ። ሳናገኘው መሙላቱ ዋጋ የለውም።» ጋዜጣ ቀደው ከየራዲያተሩ ሥር፣ ከየቧንቧው መጋጠሚያ ሥር እንዳነጥፍ አዘዙኝ። ሳሎን አነጠፍኩ፣ መኝታ ቤት አነጠፍኩ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት። ጠዋት ሁሉም ጋዜጣ ደረቅ ነው፤ ፊደሉ እንኳ አልደበዘዘም።

አንድ ክፍል ነበር የቀረው።

ታውቀዋለህ። ሳልህ እንቅልፌን እንዳይነሳኝ ብለህ የገባህበት፣ የመጨረሻዎቹን አራት ወራት የተኛህበት፣ ወደ ሆስፒታልም የወጣህበት። አርባህ በወጣ ማግስት ልብስህን፣ ጫማህን፣ መሣሪያህን ሁሉ እዚያ አስገብቼ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ ነው የምዞረው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልገባበትም።

አባባ በሩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ክፈቺ አልልሽም» አሉኝ። «ስትችዪ ትከፍቺዋለሽ። እኔ ብርዱን እችለዋለሁ። ድሬዳዋ ያሳደገችኝ ሰውዬ ብሆንም፣ ለምጄዋለሁ።»

ሥራ ሄድኩ። አሮጊቷን ሳጥባቸው እጄ እዚያ፣ ልቤ እዚህ። በሞቀው ውሃ ጀርባቸውን እያሸሁ፣ የገዛ አባቴ የሆኑ ሰው በዚህ ሰዓት ካፖርት ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ እንዴት እስከዛሬ እንዳልታየኝ አላውቅም። ትንሿ ክፍል እኮ የእሳቸው ነበረች። አንተ ስትታመም ለአንተ ለቀው ሳሎን ሶፋ ላይ ተኙ። አንተ ከሄድክ በኋላ እኔ ቆለፍኳት። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ደሴዬ፣ አባትህን ሶፋ ላይ ነው ያስተኛኋቸው። አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ስደጂኝ ያሉኝም ለካ ማረፊያ ስላልሰጠኋቸው ነው።

ስመለስ አባባ ሁለት ካፖርት ደርበው ተኝተዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። ግንባራቸውን ዳሰስኩ፣ ትኩሳት የለም፤ ብርድ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሄጄ በሩን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ያንተ ሽታ ይሆናል ብዬ ነበር የፈራሁት። የሻጋታ ሽታ ነበር። ራዲያተሩ ሥር ያስቀመጥኩት ትልቁ ካርቶን በስብሶ ተከፍቷል። ሹራቦችህ፣ የክረምት ጃኬቶችህ፣ የሆቴሉ የሥራ ልብስህ፣ ሁሉም ርሷል። ወለሉ ላይ ውሃው እስከ አልጋው እግር ደርሷል። ቁጭ ብዬ ያን ሰማያዊ ሹራብህን ስጨምቀው ውሃው በክንዴ ወረደ። «ጠብቄልህ ነበር እኮ» እያልኩ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ቆልፌ የጠበቅኩት መስሎኝ ሳበሰብሰው ኖሬያለሁ።

አባባ ድምፄን ሰምተው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። አልጋህን አዩ፣ ጫማህን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። አጠገቤ ተንበረከኩ፤ መጀመሪያ ራዲያተሩን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ያንተን ጫማ አነሱና ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። «ልጄን፣ ልጄን» ብቻ። በቀብርህ ቀን ያላወጡትን ሁሉ እዚያ አወጡት። ትከሻቸውን ያዝኩ፤ እሳቸው ራሴን ያዙ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፣ መስኮቱ ሲጨልም ነው የተነሳነው።

ካለቀሱ በኋላ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ጣታቸውን በራዲያተሩ ቧንቧ ሥር አስገቡ። «ይኸውልሽ፣ ከዚችው ነው» አሉ። ራዲያተሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት እጀታ ሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ናት፤ ዙሪያዋ አረንጓዴ ሆኗል፣ በላይዋ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች። መሣሪያ ሣጥንህን ከፈትኩ። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልለህ በመጠናቸው ደርድረሃቸዋል። የእሳቸው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መፍቻውን ለእኔ ሰጡኝ። «አታስገድጂው። ሩብ ዙር ብቻ። ብረት በጉልበት ከያዝሽው ይሰበራል። አዎ። አሁን ተይው።» ጠብታዋ ወደቀች። ሌላ እስክትመጣ ጠበቅን። አልመጣችም።

በማግስቱ ጠዋት መርፌዋ ባለችበት ቆማ አገኘኋት። አባባን ከሶፋው ላይ ቀሰቀስኳቸው፤ በካልሲያቸው መጥተው አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ መካኒክ ወጥቶሻል» አሉኝ።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሲኞራ ሉቺያንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ውሃው ወደ እሳቸው ሳይወርድ አይቀርም ብዬ። መኝታ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ሳሕን የሚያህል ምልክት አለ፣ ከሥሩ የላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል። ከነሐሴ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይንጠባጠብ ኖሮ በዚህ ሰሞን ብሶበታል! «ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው፣ «አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ። ለአንድ ባልዲ ውሃ በርሽን ላንኳኳ?» አሉኝ። ዕቅፍ አድርጌ ሳምኳቸው። አባባ ዝም፣ ሲኞራ ዝም፣ እኔ ዝም። እንዳንጎዳዳ ብለን ስንተዛዘን ቤቱ በሁለት ፎቅ ሲበሰብስ ከርሟል። ሌላ ቴክኒኮም አስጠርቼ ጋዙንና ጭሱን በደንብ አስፈትሼያለሁ፤ ሐሳብ አይግባህ። ደህና ናት፣ ገና ትሠራለች ብሎ ፈርሞልኛል።

ልብስህን ሁሉ አጠብኩት። የሚሰጣበት ቦታ ስለጠበበኝ በየራዲያተሩ ላይ ዘረጋሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ባንተ እጅጌና ባንተ ኮሌታ ተሞላ፤ ሳሎን አንተ፣ ኮሪደር አንተ። እኔም አንድ የረሳሁት ነገር አስታወስኩ፤ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለሥራ ስነሳ ልብሴን ቀድመህ ተነስተህ ራዲያተሩ ላይ ታሞቅልኝ ነበር። ለስንት ዓመት! ሙቅ ቀሚስ ለብሼ ስወጣ አንተ ተመልሰህ ተኝተሃል። አንድ ቀን እንኳ አመስግኜህ ነበር? እንጃ። ያገኘሁህም እኮ እንዲያው በዚሁ ነገር ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከአራት ሴቶች ጋር በምከራየው ክፍል ማሞቂያው ተበላሽቶ፣ አንዷ «የማውቀው ልጅ አለ፣ ሆቴል ውስጥ ጥገና ነው የሚሠራው» ብላ ጠርታህ። ሥራህን በአሥር ደቂቃ ጨርሰህ ሻይ ስናቀርብልህ ሁለት ሰዓት ቆየህ። በሳምንቱ «ሠርቶላችኋል ወይ ብዬ ነው» ብለህ መጣህ። እንደገና በሳምንቱ። ሴቶቹ «የዚህ ማሞቂያ ጤና አያሳስብም፣ የሚያሳስበው የልጁ ነው» እያሉ ሳቁብን።

የሻገቱትን ጣልኳቸው። የዳኑትን አጣጥፌ ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ስደተኞችን ለሚረዱት በጎ ፈቃደኞች ወሰድኩላቸው። እዚያ ያሉት ልጆች በቀጭን ሸሚዝ ነው ሌላ አገር ለመሻገር የሚጠብቁት። ጃኬትህን አንዱ ወዲያው ለበሰው፤ ትንሽ ሰፋው፣ ግን ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋ። ወደ ኋላ ሳላይ ወጣሁ። ሰማያዊውን ሹራብ ግን አልሰጠሁም። ልሰጥ ስል አባባ «ይችን እኔ ብለብሳት ቅር ይልሻል?» አሉኝ። አሁንም ለብሰዋት ነው የተኙት።

ክፍሉን አጽድተን፣ ወለሉን አድርቀን፣ አባባን መልሰን አስገባናቸው። መሣሪያ ሣጥንህ እዚያው አልጋቸው ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ፣ «አባባ፣ ከገና በኋላ እንነጋገራለን ያልነው ነገር አለ» አልኳቸው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር። «የቱ?» አሉኝ። «ድሬዳዋ።» ዳቦውን አኝከው ዋጡ። «ወንዱን ልጄን እዚህ ቀብሬ፣ ሴቷን ጥዬ የት ነው የምሄደው?» አሉ። ከዚያ ሻይ ጨምሪልኝ አሉኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ ነቅተው መጡ። ለማን ነው የምትጽፊው ሲሉኝ ነገርኳቸው። «ከእኔም ጻፊለት» አሉ። ቃላቸውን ሳልለውጥ ይኸው፦ «ደሳለኝ ልጄ፣ አደራ ሳትለኝ ሄድክ። እኔ ግን እንዳልከኝ ቆጥሬዋለሁ። በርታ ብዬ አልልህም፤ በርትተህ ነው የሞትከው። ደህና እረፍ።» ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

ደሴዬ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንተን ማስታወስ ማለት ለእኔ እነዚያን አራት ወራት ማስታወስ ነበር፤ ኦክስጂኑን፣ የቀጠነ እጅህን፣ በዚያ አልጋ ላይ የቆጠርነውን ትንፋሽ። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን አራቱን ወር ብቻ ይዤ ቀርቼ ነበር። ቃል እገባልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ሁሉንም አስታውሳለሁ። በየሳምንቱ ሰበብ ፈልጎ ሻይ ሊጠጣ ይመጣ የነበረውን ልጅ፣ ከአባቱ ጋር እየተከራከረ እራት የሚያቀዘቅዘውን ሰው፣ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ምስጋና ሳይጠብቅ ተመልሶ የሚተኛውን ባሌን። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ከአባባ ጋር ሆነን እናስቀድሳለን፤ እስከዚያው ስምህን በዚህ ቤት ውስጥ ሳንፈራ እየጠራን እንበላለን።

ያንተው አስቴር